ሩዝ ውስጥ የባጀው ሞንታርቦ

ሞንታርቦው ወደ ሱቃችን የመጣው ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በባጃጅ ነው። ያመጡት ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ማዳበሪያውን ሲገፍፉት፣ ከሣጥኑ ውስጥ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ወደ ግራ ሲያዘነብሉት ዝናቡ ወደ ግራ ሄደ፤ ሲያቃኑት ተመለሰ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ባለው የብረት ወንፊት በኩል ያልተፈለፈለ ሩዝ አንድ ፍሬ፣ ቆየት ብሎም ሌላ ፍሬ፣ እጄ አጠገብ ወደቀ።

እንዲህ ያለውን ሣጥን ያላየ ሰው የለም። ጎማ ያለው፣ እንደ ሻንጣ የሚጎተት፣ ባትሪውንም ማጉያውንም ስፒከሩንም በአንድ ሆድ የያዘ፣ መብራት በሌለበት የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ነው። ሰርግ ላይ ይዘፍናል፣ ለቅሶ ላይ ይናገራል፣ ገበያ ላይ ጫማ ይሸጣል። የተጻፈበት ስም ምንም ይሁን ምን፣ እኛ ጋ ትልቁም ትንሹም ሞንታርቦ ነው።

ሱቁ የአጎቴ ነው። ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ወደ ደብረ ታቦሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንድ ጨርቅ ነጋዴና በአንድ ወፍጮ ቤት መካከል ይገኛል። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ስመለስ፣ ሥራ እስካገኝ ብዬ ለጊዜው ገባሁበት። ያ ጊዜ ሳላየው ረዘመ። በአጎቴና በእኔ መካከል ማናችንም ያልተናገርነው ስምምነት ነበረን። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ከደንበኛ ጋር ይጫወታል፣ ይከራከራል። እኔ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ፊቴ ስለሚግል ይህ ለሁላችንም የሚበጅ ነበር።

አጎቴ የወደቀውን ሩዝ አይቶ፣ «ይኼ ደግሞ መቼ ነው የተዘራበት?» አላቸው።

ሽማግሌው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ። ከርብ ወንዝ ዳር፣ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ በስተግራ ካለ መንደር ነው የመጡት። ኅዳር ላይ ሩዙ ታጭዶ አውድማ ላይ ሳለ ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። ያን ቀን መንደሩ ለቅሶ ላይ ስለነበር ሞንታርቦው ደጅ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ሩዙን ሊሸፍን ሲሮጥ እሱን ያስታወሰው የለም። በማግስቱ ከመንደሩ ወጣቶች አንዱ፣ ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር እንደሚድን ተናገረ። ሌሎቹም ሰምተውት ስለነበር የተከራከረ አልተገኘም።

«ለስልክ አንድ ጣሳ ከበቃ፣ ለዚህ ጎታ ነው የሚበቃው ተባለ» አሉ ሽማግሌው። «ጎታ ደግሞ አላጣንም።»

ስለዚህ አዲስ በተወቃ ሩዝ ውስጥ እስከ እጀታው ቀበሩት፤ በጋውንም እዚያው ባጀ።

እኔ አጎንብሼ እየሰማሁ ነበር። የፎገራ ሰው ሩዝ ያውቃል። አዲስ ሩዝ ፀሐይ ላይ ሳይሰጣ ጎታ ከገባ እንደሚሞቅ፣ እንደሚያልብ፣ እንደሚሸት ሕፃን እንኳ አይስተውም፤ እጅ ቢያስገቡበት እንደ ከብት ትንፋሽ ይሞቃል። ያን ኅዳር ግን ዝናብ እንደገና ይመጣል ብለው ቸኩለው ነው የከተቱት። በዚያ ላይ ሩዙን የሚያውቁት ስለ ሩዝ ሲያስቡ ነው። ስለ ሞንታርቦ ሲያስቡ የስልኩን ምክር አመኑ። ለሰዎቹ መጥፎ ነገር ያደረጉ አልመሰላቸውም፤ ያላቸውን ሁሉ ነው የሰጡት።

አጎቴ ለምን እስከ ዛሬ እንደቆዩ ጠየቃቸው። በጋ ላይ አላስፈለገንም አሉ። የሚያስፈልገው ክረምት ሲገባ ነው። ዝናቡ ከላይ በደጋው ሲዘንብ ርብ የሚሞላው ቆይቶ ነው፤ በእኛ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ከሩቅ ተነሥቶ ይመጣል። መንደሩ ወንዙን እንዲጠብቁ የመረጠው እርሳቸውን ነው። ከላይ ያለ ዘመድ ሲደውልላቸው ጉብታ ላይ ወጥተው በሞንታርቦ ይናገራሉ፤ ሰው ከብቱን ያወጣል። አብዛኛው ቤት ቅርብ ነው፤ በባዶ ድምፅም ይሰማል። የታላቅ እህታቸው ቤት ግን ከአሮጌው የወንዝ ቦይ ማዶ ለብቻው ነው። ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ ውሃ የሚገባው ያ ቦይ ነው። ስልክ እንዳይባል መብራት የለም፤ ክረምት ከገባ ስልኳ ዝም ይላል። ወደ እኛ ነይና ክረሚ ሲሏትም፣ ቤቴን ጥዬ አልከርምም፣ ስትጠራኝ እመጣለሁ ትላለች።

«እኔ ደግሞ ድምፄ እንደድሮው አይደለም» አሉ። ከዚያ ሣጥኑን በመዳፋቸው ደባበሱት።

*

የጀርባውን ክዳን ስከፍተው ወፍጮ ቤቱ ቆሞ ስለነበር ሱቁ ጸጥ ያለ ነበር። ሩዙ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ታችኛው ጥግ ላይ አንዳንዱ ፍሬ አቆጥቁጦ፣ ነጭ ሥር አብቅሎ፣ ኋላ ደርቋል። ገለባው ተፈጭቶ ሁሉም ነገር ላይ እንደ ወርቅ አቧራ ተኝቷል። ከሥሩ አረንጓዴውን ቦርድ አገኘሁት፤ የመዳብ መስመሮቹ በየቦታው ሻግተው፣ የኩሬ ዳር ሽበት የመሰለ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል።

ቦርድ ሳይ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር አለ። ትንሽ ትክ ብዬ ካየሁት ከላይ፣ ከሰማይ የማየው አገር ይሆንብኛል። መስመሮቹ መንገዶች ናቸው፤ ክብ ክቦቹ ጎታዎች፣ ጥቁሮቹ ትናንሽ ሳጥኖች ቤቶች። ያን ቀን ያየሁት አገር ጎርፍ የተኛበት ነበር። አንዱ መንገድ መሐል ላይ ተቆርጧል፣ አንዱ ቤት በዝገት ተከቧል። እጄ ብሩሹን እንደያዘ እንዴት ብዬ እንደምደርስላቸው እያሰብኩ ብዙ ቆየሁ። አጎቴ እንዲህ ስሆን ያውቀኛል፤ «ሄደች» ይላል ለደንበኞቹ፣ «ስትመለስ እንነግራታለን።»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ነበር የሚፈሰው። ቀመሩን እጽፋለሁ፣ ፈተናውን አልፋለሁ፤ ነገሩ ግን አይታየኝም ነበር። የታየኝ በአንድ የክረምት ዕረፍት ነው። አባቴ የሩዝ ማሳው ዳር ቆሞ የአፈሩን ክትር በዶማ ጫፍ ጫር አደረገው፤ ከዚያ ላይኛው ማሳ ላይ የነበረው ውሃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ወደ ታችኛው መሄድ ጀመረ። አፈር መለስ ሲያደርግባት ቆመ። ውሃውን የሚገፋው አባቴ አልነበረም። የውሃው ጉልበት የራሱ ነው፤ አባቴ በሩ ላይ ነው የነበረው። ዶማው ከፍ ዝቅ ሲል ትልቁ ውሃ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል።

የድምፅ ማጉያ ይኸው ነው። ማይክ ውስጥ የሚገባ የሰው ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ማጉያው ያንን ትንሽ ነገር ወስዶ እንደ ሊጥ ኩፍ አያደርገውም። ትልቁ ኃይል ከባትሪው ይመጣል፤ ትንሹ ድምፅ በሩ ላይ ቆሞ ይከፍትለታል፣ ይዘጋበታል። ስፒከሩ ላይ የምንሰማው የባትሪው ጉልበት ነው፤ ቅርጹ ግን የተናጋሪው ነው። ካፓሲተር የሚባሉት በርሜል መሳዮቹም እንደ ኩሬ ናቸው፤ ሲተርፍ ያቁራሉ፣ ሲጎድል ይለቃሉ። ይህ ምሳሌ እስከ መጨረሻው አያስኬድም። የተቆረጠ ቦይ ውሃውን ሜዳ ላይ ያፈሰዋል፤ የተቆረጠ ሽቦ ግን የሚያፈሰው ነገር የለም፣ ዝም ነው የሚለው። ጥገና አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የጠፋው ነገር የጠፋበትን ቦታ አያረጥበውም።

ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። የተቆረጡትን መስመሮች በቀጭን ሽቦ አገናኘሁ፣ ያበጡትን ካፓሲተሮች ነቅዬ ሌላ በየድኩ። ባዶውን የባጀ ባትሪ ኃይል መያዝ ይረሳል፤ እሱንም ለወጥኩ። ለቀናት የመበየጃው ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ፣ የርብ ሜዳ ዓይኔ ውስጥ ሆኖ ሠራሁ። አንድ ከሰዓት የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን መታው። ሽማግሌው ባይኖሩም፣ እዚያ ጉብታ ላይ ቆመው ወደ ደጋው ሲያዩ ታዩኝ። ከዚያ በኋላ ፈጠን አልኩ።

ሲያልቅ አጎቴ በልማዱ ማይኩን ይዞ፣ «ሄሎ ሄሎ፣ አንድ ሁለት፣ ጎረቤቴ ጋ ጨርቅ ረክሷል» አለ። ጨርቅ ነጋዴው ወጥተው፣ የእሱ ሱቅ ጥራት የሚሰማው በጩኸት ብቻ እንደሆነ መለሱለት። ውጪ ሲኖትራክ እያጓራ ያልፋል፤ የሞንታርቦው ድምፅ በላዩ ላይ ወጣ። ሁላችንም ደስ አለን።

ሽማግሌው ሊወስዱት ሲመጡ አንድ ነገር ለመኑ። ድምፁ እህቴ ቤት መድረሱን ካላየሁ ልቤ አያርፍም፣ ምናልባት ቢበላሽም እጅ ያለው ሰው አብሮኝ ይሁን አሉ። አጎቴ ዕቃ ሊገዛ ባሕር ዳር ሊሄድ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ ዐየኝ። እኔ ወደ ጠረጴዛው ዐየሁ።

«እሷ ትሄዳለች» አላቸው። «አፍ የላትም እንጂ ጆሮስ አላት።»

*

ባጃጁ ከርብ ድልድይ መለስ ብሎ አወረደን፤ ከዚያ በእግር ነው። ሞንታርቦውን ሽማግሌው በጠፍር አዝለውት ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ እከተላለሁ። ሜዳው በዚያን ሰሞን የሁለት ወቅት ነው። ግማሹ ጥቁር አፈር ገና ተሰነጣጥቆ አፉን ከፍቷል፤ ግማሹ አንዲት ዝናብ ቀምሶ ታርሷል። ራቅ ብሎ ሙቀቱ መሬቱን ከሰማዩ ጋር ስለሚያቀልጠው፣ ላሞቹ እግር የሌላቸው ሆነው ይንሳፈፋሉ። ወደ ሰሜን የጣራ ገዳም ተራራ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ብዙ አላወሩም፤ ደስ አለኝ። የዕርምጃችን ድምፅና የአንድ ወፍ ፉጨት ብቻ እየሰማሁ፣ እየሄድኩ ይሁን እየተኛሁ እስከማላውቅ ድረስ ሄድኩ።

ጉብታው ሰው የከመረው የሚመስል ትንሽ የአፈር ከፍታ ነው። ላዩ ላይ ሲቆሙ መንደሩ ከኋላ፣ ቦዩ ከፊት ይታያል። ቦዩ ሰፊ ነው፤ ድሮ ወንዙ ራሱ ይሄድበት ነበር አሉ። ያን ቀን ደረቅ ነበር፤ ከታች ሣር የሚግጡ ጥጃዎች ነበሩበት። ከማዶ አንዲት የሣር ክዳን ቤት፣ ከቤቷ ጀርባ ደግሞ ትልቅ ዋርካ ያለበት ከፍ ያለ መሬት ይታያል። እህትየው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከሩቅ ነጭ ነጥብ ይመስላሉ።

ሽማግሌው ማይኩን አፋቸው ላይ አስጠግተው፣ እታለም፣ ይሰማሻል ወይ፣ ከሰማሽ እጅሽን አንሺ አሉ። ድምፁ ሜዳው ላይ ሰፍቶ ሄደ። ነጩ ነጥብ ተነሣ፤ ከነጥቡም ቀጭን ክንድ ወደ ላይ ወጣ።

ፊታቸው በራ። ማይኩን አጥፍተው፣ አሁን ክረምቱ ይምጣ አሉኝ። ነገሩን ሲያብራሩልኝም የተለየ ደስታ ነበራቸው። ውሃው ሩቅ ሳለ ከሰሙ፣ ተሻገሪ ይሏታል፤ ላሚቷን ይዛ በደረቁ ትመጣለች። ዘግይተው ከሰሙ፣ ቦዩም ውሃ ከያዘ፣ ቁሚ፣ ወደ ዋርካው ውጪ ይሏታል። እዚያ ውሃ ደርሶ አያውቅም። ያን ጊዜ የምትሞተው ለመሻገር ከሞከረች ብቻ ነው።

ሁለቱ ቃላት ተቃራኒ ናቸው። ክንዱ ግን ለሁለቱም ያው ክንድ ነው። ወንድም ጉብታ ላይ ቆሞ፣ አንድ ነገር አፉ ላይ ይዞ ሲታይ፣ ድምፅም ሲመጣ፣ እጁን የማያነሣ ማን ነው? ልናገረው አፌን ከፈትኩና አልወጣ አለኝ። ስለዚህ፣ መጣሁ ብቻ ብዬ ወደ ቦዩ ወረድኩ።

እህትየው ከወንድማቸው ይልቅ ቀጭንና ቀልጣፋ ናቸው። ግቢ የኔ ልጅ፣ ፀሐይ አይምታሽ አሉኝ። ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እያፈርኩ፣ ወንድምዎ ምን አሉዎት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጠራኝ» አሉ።

«ከጠሩዎት በኋላስ?»

አሰቡ። «እንግዲህ እሱ ሲናገር እንደ በሬ እምቧ ይላል። ድምፁማ ግጥም አድርጎ ይሰማል። ምን ይለኛል ብለሽ ነው፣ ነይ ነዋ የሚለኝ። ክረምትም ሲጠራኝ ላሚቱን ይዤ እሻገራለሁ።» ቁሚ ቢሉዎትስ ስላቸው፣ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም ብለው ሳቁ።

ከቤታቸው ደጅ ሆኜ ወደ ጉብታው ዐየሁ። ሽማግሌው ትንሽ ናቸው፤ ሞንታርቦው ከአጠገባቸው አይለይም። ነፋስ ከጣና በኩል ይመጣል፣ ሣር ክዳኑን ያንሾካሽካል። ከዚህ ቆሞ የሚሰማ ሰው ምን እንደሚቀረው ያን ጊዜ ገባኝ። የሰው ንግግር ወፍራምና ቀጭን አለው። ወፍራሙ ክፍል ማን እንደሚናገር፣ መቆጣቱን ወይ ማዘኑን ይነግረናል። ቃሉን የሚለየው ግን ቀጭኑ ነው፤ ከንፈርና ጥርስ የሚሠሩት፣ የ«ሰ» ፉጨት፣ የ«ተ» ምት። በቅርብ ሆኖ የሚሰማ ሰው ቀጭኑ ቢጎድልም ከአፍና ከዓይን ይሞላዋል፤ ሱቅ ውስጥ አጎቴን ስንሰማ እንዳደረግነው። በዚህ ርቀት ላይ የሚሞላው ነገር የለም። ቅርጹ ጠፍቶ፣ ያልተጠረበ እንጨት የመሰለ ድምፅ ብቻ ይደርሳል።

ተመልሼ ለሽማግሌው እህታቸው ያሉኝን እንዳለ ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ጉብታው ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ቁሚ ብላትም ትሻገራለች» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቦዩ። «የምገድላት እኔ ነኝ።»

ሞንታርቦውን ፈታሁ።

ትልቁ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል። ከእሱ በላይ ትንሽ፣ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል ሌላ ስፒከር አለች፤ ቀጭኑን የምታወጣ እሷ ናት። ወደ እሷ በሚሄደው ሽቦ ላይ አንድ ካፓሲተር ይቀመጣል። እሱ እዚያ ቦታ ኩሬ መሆኑ ቀርቶ ወንፊት ነው፤ ወፍራሙን ይከለክላል፣ ፈጣኑንና ቀጭኑን ያሳልፋል። ሽማግሌው እንዲናገሩ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋኋት። ድምፅ የላትም። ካፓሲተሩ ከቦርዱ ርቆ ለብቻው በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር። በጣቴ ነካ ሳደርገው ግን አንዱ እግሩ ተነቀለ፤ በዚያ ሞቃት ሩዝ ውስጥ ዝገት ከሥሩ በልቶታል፣ ቆሞ የነበረው በልማድ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ከሞቱ ቦርዶች የነቀልኳቸው ካፓሲተሮች ነበሩኝ። የሚመጥነውን መርጬ፣ እዚያ መብራት ስለሌለ እግሮቹን ከሽቦው ጋር ጠምዝዤ በፕላስተር አሰርኩት፤ ብየዳው ኋላ ሱቅ ይደርሳል። ስጨርስ ሽማግሌው አንድ ጊዜ «እስኪ» አሉበት። ከትንሿ ስፒከር የ«ሰ» ፉጨት እንደ እባብ ወጣ። ወደ ኋላ ብለው ሳቁ።

*

የቀረው መሞከር ነው፤ ግን በምን ቃል? ተሻገሪ ወይም ቁሚ ማለት አይቻልም፤ ያ ቃል ያለ ውሃ አንድ ጊዜ ከተጠራ፣ ሌላ ጊዜ በውሃ ማንም አይሰማውም። እጅሽን አንሺ ማለትም ምንም አይነግረንም። ሰው የሚጠብቀውን ነገር ሳይሰማውም ይሰማዋል፤ ስለዚህ ማንም የማይጠብቀው ነገር መባል አለበት። ይህን ሁሉ ለሽማግሌው እንዴት እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ስናገር መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

አዳመጡኝ። ከዚያ ማይኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንግዲያው አንቺ በይው። እኔ ምን እንደምል ገና አፌን ሳልከፍት ታውቃለች። አብረን ነው ያረጀን።»

እምቢ ልል ፈለግሁ፤ ግን ትክክል ናቸው። ማይኩ ከእጃቸው ሙቀት ሞቆ ነበር። ምን ልበል አልኳቸው። ዶሮ አሉኝ፤ ቀይ ዶሮ ይዛ ትውጣ፣ እኔ በሕይወቴ ዶሮ አምጪ ብያት አላውቅም።

ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋሁት። የመጀመሪያው የወጣው ትንፋሼ ነው። ትንፋሼ ሜዳውን ሞላው፤ ጥጃዎቹ ቀና አሉ። ደነገጥኩ፣ የማን ስም መጥራት እንዳለብኝ ጠፋኝ። በመጨረሻ፣ ቀይ ዶሮ ይዛችሁ ውጡ አልኩ፤ ደግሜም፣ ቀይ ዶሮ ይዛችሁ ውጡ። ድምፄ ከእኔ ተለይቶ በቦዩ ላይ አለፈ፣ ወደ ዋርካው ሄደ፣ ከዚያም ሌላ ሴት እንደተናገረችው ሆኖ ትንሽ ዘግይቶ ተመለሰ። ወፍራም አልነበረም። ግን ጥርት ያለ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው፣ እንደ ታጠበ ጠጠር።

ከዚያ ከኋላችን በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፈው ወጡ። ከጎናቸው ሌላ። ከመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ማዶ ባልና ሚስት ለየራሳቸው አንዳንድ ይዘው ወጡ። አንድ ሰውዬ አውራ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ጉብታው እየመጡ፣ የዶሮ ክትባት መጣ እንዴ፣ ነጩስ አይከተብም ወይ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው መልስ መስጠት አቅቷቸው በሳቅ ጎበጡ። ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም፣ ከዚያ ሙቀት ከሚያቀልጠው አየር ውስጥ፣ ዶሮ የታቀፉ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። እግራቸው አይታይም። ሁሉም ቆመው ወደ እኔ ያያሉ። ፊቴ መጋሉን አውቃለሁ፤ ግን ያየሁትን ነገር ደግሜ ማየት ስለፈለግሁ አላጎነበስኩም።

ከቦዩ ማዶ ያለው ደጅ ግን ባዶ ነው።

የሽማግሌው ሳቅ ቆመ። ሁለታችንም ወደዚያ ዐየን። ነፋሱ በእኛና በቤቷ መካከል ይሄዳል። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ሰው ሁሉ መስማቱ ለምንም አይጠቅምም። ሽማግሌው በማይኩ እንድደግመው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ እኔ ግን ትንሽ እንቆይ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አሁንም ባዶ ነው። አሁንም።

ከዚያ ከቤቱ ጀርባ፣ ከዋርካው በኩል፣ ነጩ ነጥብ ወጣ። እየሮጠ ነው። በክንዱ ሥር የሚወራጭ ቀይ ነገር አለ። ዶሮዪቱን አሯሩጠው እስኪይዟት ነው የዘገዩት። እህትየው ዶሮዪቱን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው አሳዩን፤ ከዚያ እየፈጠኑ ወደ ቦዩ አፋፍ መጡ።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ቅድም ከጠራኝ እሻገራለሁ ያሉት ሴት፣ ደረቁ ቦይ ጫፍ ላይ፣ ዶሮዪቱን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ እግራቸውን ሳያነሱ ቆሙ። አንገታቸውን ወደ እኛ ዘንበል አደረጉ። በባዶ ድምፃቸውም አንድ ነገር ተጣሩ፤ ነፋሱ ግማሹን ወሰደው፣ የደረሰን ግን በቂ ነበር።

«ልሻገር ወይስ ልቁም?»

ሽማግሌው ማይኩን አልነኩትም። ዓይናቸውን ከእህታቸው ሳያነሱ፣ «ንገሪያት» አሉኝ።

ወደ ላይ ወደ ደጋው ዐየሁ፤ ተራሮቹ ጥርት ብለዋል፣ ደመና የለባቸውም። ቦዩ ውስጥ ጥጃዎቹ መጋጥ ጀምረዋል።

«ይሻገሩ፣ እናቴ» አልኩ።